ሁለቱ ሐምራዊ ቡሎኖች

ከሰውየው በፊት ስለ ጥቀርሻው ልናገር። ጥቀርሻውን ያልተረዳ ሰው ንዴቴንም አይረዳልኝም።

ድሮ ቤንዚን ወደ ሲሊንደር የሚገባው በቫልቩ ጀርባ ላይ ተረጭቶ ነበር። ስለዚህ ቫልቩ በየደቂቃው ይታጠባል። እነዚህ ከጀርመን የሚመጡት ጉልበተኛ መኪኖች ግን ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጩታል። ጉልበታቸውም በሽታቸውም ከዚያው ነው። የሚያጥበው ያጣ ቫልቭ ላይ የዘይት ጭስ እየተጋገረ ይሄዳል፤ ታጥቦ በማያውቅ ድስት ቂጥ ላይ እንደሚጋገረው። ሁለት ሦስት ዓመት ሲቆይ የአየሩ መግቢያ ይጠብባል፤ መኪናው ጠዋት ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ እንደ አስም በሽተኛ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ሞተሩ ግን አልሞተም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሬሳ አይደለም። ይህን ልዩነት እያወቀ "ሞቷል" ብሎ ለሚምል ሰው የሚገባውን ስም አውቀዋለሁ፤ እንዳልጽፈው አላህን እፈራለሁ።

ጃላል-አባድ ውስጥ፣ ከከተማው ግርጌ ባለው የጋራዥ ሰፈር፣ የእኔ ጎማ ቤትና የሳቲባልዲ ጋራዥ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። የእሱ ኮምፕሬሰር ሲጮህ መነጋገር አይቻልም፤ ዝም ሲል ደግሞ ግድግዳውን ይደበድብና ለሻይ ይጠራኛል።

ሳቲባልዲ የተወለደው ካራ-አልማ፣ ቅርፊቱ እንደ እንጨት የጠነከረው ፍሬ፣ ዋልነት፣ በሚበቅልበት ጫካ ውስጥ ነው። ከእሱ በፊት የተወለዱት ሦስት ልጆች ስለሞቱ፣ እሱ ሲወለድ እናቱ በመስኮት አውጥታ ለጎረቤት ሰጠችው፤ ከዚያ በአንድ እፍኝ ዋልነት መልሳ ገዛችው። ሞት ልጁ የሌላ ሰው ነው ብሎ እንዲያልፈው ነው። ስሙም ከዚያ ወጣ፤ ተገዝቶ የመጣ ማለት ነው። ሞት አለፈው፤ ድህነት ግን መስኮቱን አልሳተም። በሠላሳ ዓመቱ እንደ ሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሞስኮ ወርዶ፣ ውድ ውድ መኪኖች በሚጠገኑበት ጋራዥ ወለል ጠራጊ ሆነ።

አንድ ቀን ሲጠርግ ከአንድ ሞተር ሥር ቡናማ ብናኝ አገኘ። አንሥቶ አሸተተው። "የእናቴ ምድጃ ሸተተኝ፣ ባይኬ" ይለኛል ይህን ሲያወራ። ባይኬ የሚለኝ በአራት ዓመት ስለምበልጠው ነው። እናቱ ሻይ የምታፈላው የዋልነት ቅርፊት አንድዳ ነበር። መካኒኩን ቢጠይቀው፣ ይህ የተፈጨ ቅርፊት በከረጢት ከውጭ አገር እየተገዛ እንደሚመጣ፣ በአየር ግፊት ተነፍቶ የቫልቭ ጥቀርሻ እንደሚላጭበት ነገረው። አሸዋ ብረት ይበላል፤ የዋልነት ቅርፊት ግን ጥቀርሻውን ፈግፍጎ ብረቱን አይነካም። ሳቲባልዲ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እኛ የምናነድደውን እነሱ ይገዙታል! ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት መጥረጊያውን ተደግፎ የመካኒኮቹን እጅ ሲያይ ኖረ። ማንም አላስተማረውም፤ ማንም ደግሞ ዓይንህን ጨፍን አላለውም። ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት የመጣው በሱፍ ካልሲ የተጠቀለለ አንድ የመንፊያ አፍ ብቻ ነበር።

ሥራው እንደ ዱዓ ሥርዓት አለው። ቅርፊቱን ያጥባል፣ ጣሪያ ላይ ያደርቃል፣ በአሮጌ የከብት መኖ ወፍጮ ይፈጫል፣ ሦስት ጊዜ በወንፊት ይነፋል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንዳትገባ። ከዚያ ሞተሩን በእጁ እያዞረ የዚያ ሲሊንደር ማስገቢያ ቫልቮች ግጥም እስኪሉ ይጠብቃል። "ቫልቩ ክፍት ሳለ የነፋ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው" ይላል፤ ቅርፊቱ ፒስተኑ ላይ ወርዶ ይቀራላ። ቢስሚላህ ይልና ይነፋል። ሁሉንም ጨርሶ የአየር ቱቦውን መልሶ ሲያስር፣ የጠበቀ ቡሎን ሁሉ ራስ ላይ በሚስቱ የጥፍር ቀለም አንዳንድ ቀይ ነጥብ ያደርጋል፤ ማጥበቁን እንዳይረሳ። ሚስቱ ቡርማካን "ጥፍሬን ተቀብቼ አላውቅም፤ ቀለሙ ግን በየወሩ ያልቅብኛል" ትላለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በወር ሁለት ወር አንዴ፣ ሐሙስ ቀን አንድ የጭነት መኪና ይመጣ ነበር። የሚልከው ካሊምቤክ ነው። ካሊምቤክ ዋናው መንገድ ላይ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ጋራዥ አለው፤ ነጭ ካፖርት የለበሱ ልጆች፣ ኮምፒውተር፣ ለደንበኛ የቆዳ ወንበር። የሚልከው ሞተር ከመኪናው የወጣ፣ ዕራቁቱን ጣውላ ላይ የተቀመጠ ነው። "ከጀርመን አሮጌ ሞተር አስመጥቼ ነው፤ አጽዳልኝና እሸጠዋለሁ" ይላል። ሳቲባልዲ ያጸዳል። ሞተሩ ተመልሶ ይሄዳል። እኔም በግድግዳዬ በኩል ሆኜ፣ አላህ ለጎረቤቴ እንጀራ ከፈተለት ብዬ አመሰግን ነበር። ያን ምስጋናዬን ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ባለፈው መስከረም፣ ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ግድግዳው ተደበደበ። ድብደባው የሻይ ጥሪ አይመስልም ነበር።

ስገባ ሳቲባልዲ የቡሎን ጣሳ ይዞ ቆሟል። አጠገቡ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አለ። ሦስቱ ቀዳዳዎች ጸድተው እንደ ብር ያበራሉ፤ ሦስቱ እንደ ጭስ መውጫ ቱቦ ጠቁረዋል።

"ቡሎኖቹን ከዘይት ላጥብ ብዬ ነው" አለኝ። "እይ እስቲ።"

አየሁ። የየቡሎኑ ራስ ላይ የቀለም ነጥብ አለ።

"በዚህ ከተማ ቡሎን የሚኩል ስንት ሰው አለ፣ ባይኬ?"

"አንድ እብድ ብቻ" አልኩት።

"እንግዲያው ከጀርመን የመጣው ሞተር የእኔን እጅ ከየት አገኘ?"

ከአሥራ ሁለቱ ቡሎኖች ሁለቱን ለይቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የእነዚህ ቀለም ቀይ አልነበረም፤ ሐምራዊ ነበር። ያን ጊዜ እኔም አስታወስኩ። የዛሬ ሦስት ዓመት የደንበኛውን የኦሮዝማትን መኪና ሲጨርስ የቡርማካን ጠርሙስ አልቆ፣ ኦሮዝማት እየሳቀ ከሚስቱ ከአኒፓ ቦርሳ ሐምራዊ አውጥቶ ሰጥቶት ነበር። ኦሮዝማት በዚያው ክረምት ሞተ፤ አላህ ይማረው። መኪናውን የያዘችው አኒፓ ናት።

አኒፓ በዚያ ጥቁር የጀርመን መኪና ከጃላል-አባድ ቢሽኬክ መንገደኛ ታመላልሳለች፤ ሁለት ከፍተኛ ተራራ አቋርጣ። መጀመሪያ መናኸሪያ ስትወጣ ሾፌሮቹ "ኤጄ፣ እህታችን፣ ዳገት ላይ ቢቆምብሽ ማን ይገፋልሻል?" እያሉ ሲስቁባት "አንተን አሳፍሬህ የለም እንዴ፣ ወርደህ ትገፋለሃ!" ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ከዚያ ወዲህ የሚስቅባት የለም።

ሳቲባልዲ ደወለላት። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"አኒፓ፣ መኪናሽ እንዴት ናት?"

"አይ ኡስታኬ" አለች፤ ባለ እጅ የሚከበረው በዚህ ጥሪ ነው፤ "ሞተሯ ሞተ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተሰንጥቋል አሉኝ። ሌላ ሞተር አለን ብለው ነበር፣ እሱን ሊገጥሙልኝ ነው።"

"ለምን ወደ እኔ አላመጣሽም?"

"ላመጣ ነበር እኮ! ካሊምቤክ ነው 'ሳቲባልዲ ራሱ ለእኔ ነው የሚሠራው፤ እሱም ይኸንኑ ነው የሚልሽ' ያለኝ። የእርስዎን ስም ሲጠራ ጊዜ አመንኩት።"

ሳቲባልዲ ሐምራዊዎቹን ቡሎኖች ከመዳፌ ወሰደ። ቀጥሎ የጠየቃት ድምፁ ተለውጦ ነው። "ለአዲሱ ሞተር ምን ልትሰጪው ነው?"

"የዋልነቱን ቦታ። ሌላ ምን አለኝ? ቅዳሜ የደን ቢሮ ሄደን ስም እናዛውራለን።"

ስልኩን ሲዘጋ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ያ ቦታ የኦሮዝማት አባት የተከራየው፣ አኒፓ በየዓመቱ ጥቅምት ከሦስት ልጆቿ ጋር ድንኳን ተክላ የምትለቅመው የጫካ ቁራጭ ነው። የክረምቱ ዱቄት፣ የልጆቹ ጫማ፣ የማገዶው እንጨት ከእሱ ነው። ሳቲባልዲ የሚፈጨው ቅርፊት ራሱ የሚመጣው ከእሱ ነው። ቅርፊቷን ፈጭቶ የራሷን ሞተር አጽድቶ፣ ሌባው ሌላ ነው ብሎ መልሶ እንዲሸጥላት ሊሰጠው ነበር!

"በስሜ ነው የዘረፏት፣ ባይኬ። በእኔ ስም!" አለና ትልቁን መፍቻ አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

"አስቀምጥ" አልኩት። "መስታወቱን ብትሰብር ከሳሽ እሱ ይሆናል፣ ሌባው አንተ ትባላለህ። ነጭ ጺሞቹን እንጥራ።"

የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሸንጎ አለ፤ አለቃው፣ አባት ለማለት አታ የምንላቸው፣ ማትከሪም አታ ናቸው። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው አንድ ጆሯቸውን ለሞተር ጩኸት የሰጡ ሰው። ካሊምቤክ ሀብታም ቢሆንም እናቱ የምትኖረው ከሳቸው ቤት ሁለት በር ዝቅ ብላ ነው፤ ሸንጎ ተጠርቶ የቀረ ሰው እናቱን ማን ሰላም ይላታል? ስለዚህ አርብ ከጁምዓ በኋላ መጣ። ጫማው እንዳይነካ እየመረጠ እየረገጠ ወደ ሳቲባልዲ ግቢ ገባ። አምስት ሽማግሌዎች ነጭ ቆብ አድርገው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። አኒፓ ሻሿን አጥብቃ ከሞተሩ አጠገብ ቆማለች።

"ኧረ ለዚህ ነው እንዴ ትልልቅ ሰው ያስቸገራችሁት?" አለ ካሊምቤክ እየሳቀ። "አዎ፣ ሞተሩ የሷ ነው። ሞቶ ነበር። ሳቲባልዲ ጎበዝ ነው፤ ከሞት አስነሣው። ሙያ ነው፣ ምን ይደረግ!"

"ሙት የሚያስነሣ አላህ ነው" አለ ሳቲባልዲ። "እኔ ጥቀርሻ ጠራጊ ነኝ። ደግሞ ሦስቱን እጄ አልነካቸውም። ይዩአቸው፣ አታ፤ ከመጡ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። ሙት ከሆነ ሦስቱ አሁንም ሬሳ መሆን አለባቸው።"

ካንዴላውን ፈትቶ ካልጸዱት በአንዱ ላይ የአየር ቱቦ አሰረ፤ ቫልቮቹ እስኪገጥሙ ሞተሩን በእጁ አዞረ፤ አየሩን ለቀቀ።

"ቴስታታው ከተሰነጠቀ ያፏጫል። ጠጋ ብለው ይስሙ፣ አታ።"

ማትከሪም አታ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ምንም አይሰማኝም" አሉ።

"እሱ ነው ጥሩው!"

"እንግዲያው በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬ ለቁም ነገር በቃ" አሉና ሽማግሌዎቹ ሳቁ። "ግን ደንቆሮ ሰምቶ ፈረደ እንዳይባል፣ አንተ ደህና ጆሮ ያለህ፣ ና ስማ" ብለው አጠገባቸው ያሉትን ሽማግሌ አስነሡ። ሳቲባልዲ ቱቦውን በየተራ ለሦስቱም ሲያስር ሰውየው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሞላ ጎደል ዝም ነው፤ ጤነኛ።

አኒፓ ከጥለት ጨርቅ ውስጥ ክብ ዳቦ አውጥታ በርጩማው ላይ አስቀመጠች። ጠዋት ራሷ የጋገረችው ነው። በእኛ ዘንድ በዳቦ ላይ እጅ ጭኖ የዋሸ ሰው የሚበላው ሁሉ ይጠላዋል፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

"እጅህን አድርግበት" አሉት ማትከሪም አታ፣ "ከዚያ ሞተሩ ሞቷል በል። ጨርሰን እንሄዳለን።"

የካሊምቤክ እጅ ከኪሱ ወጣ። መንገዱን አጋመሰና ቆመ።

"እኔ ሞተር አላውቅም፣ አታ። እኔ ነጋዴ ነኝ። ኮምፒውተሩ ነው ሞቷል ያለው።"

"ኮምፒውተሩ ዳቦ ይበላል?"

"አይበላም።"

"አንተስ?"

የካሊምቤክ እጅ ተመልሶ ኪሱ ገባ። ፊቱ ግን ቀላ፤ ወደ ሳቲባልዲ ዞረ። "አንተ ግን ምን ሆነህ ነው ዛሬ ኢማም የሆንከው? ሁለት ዓመት ስልክልህ አንድ ቀን የማን ነው ብለህ ጠይቀሃል? በላህ፣ ዝም አልክ። ስምህ ራሱ የተገዛ ነው፤ እኔ ደግሜ ገዛሁህ እንጂ ምን አደረግሁ? ና፣ አንተ እጅህን ዳቦው ላይ አድርግ፤ ንጹሕ ነኝ በል!"

ሳቲባልዲ እንደሚምል እርግጠኛ ነበርኩ፤ አያውቅም ነበራ! ወላሂ አያውቅም ነበር። እሱ ግን እጆቹን በጨርቅ ጠረገ፤ ወደ ዳቦው ሄደ፤ አየውና እጁን መለሰ።

"አላወቅሁም" አለ። "በዚህ እምላለሁ። ንጹሕ ነኝ ብዬ ግን አልምልም። አልጠየቅሁማ። ሐሙስ ሐሙስ ሞተር ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስታዬ እንዳይቋረጥ ነው ያልጠየቅሁት። ከዚህኛው ሌላ አሥራ ሦስት ሞተር አጽድቼልሃለሁ። የአሥራ ሦስቱንም ባለቤቶች ቤት ለቤት ሄጄ እነግራቸዋለሁ።"

ካሊምቤክ ሲመጣ የነበረው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልመከሩም። ሞተሩ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ቅዳሜ ወደ ደን ቢሮ የሚሄድ የለም፤ የስም ማዛወሪያው ወረቀት አሁን ይምጣ። ካሊምቤክ ወረቀቱን ከመኪናው አምጥቶ ሰጠ። አኒፓ እዚያው እንደያዘችው አራት ቦታ ቀደደችው፤ ከዚያ ዳቦውን ቆርሳ ለሁሉም አደለች። ለእሱም ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

የቀሩትን ሦስቱን ሳቲባልዲ ቅዳሜ አጸዳ፤ ቅርፊቱ የአኒፓ ነበር። እሑድ ሞተሩን ከካሊምቤክ ጋራዥ ተጎትቶ በመጣው መኪና ላይ መልሶ አሠረ፤ በዚህ ጊዜ አሥራ ሁለቱም ቡሎኖች ሐምራዊ ተቀቡ፤ ጠርሙሱን ራሷ አመጣችው። ሰኞ ረፋድ ላይ ከቶዮ-አሹ ተራራ ጫፍ ደወለች፤ ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮሃል።

"ኡስታኬ! ይሄ ዳገት አጥሯል እንዴ?"

ሳቲባልዲ ሳቀ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

አሁን አንባቢ ሌባው የት ደረሰ ይለኛል። የትም አልደረሰም! መስታወቱ ዛሬም ያበራል፤ በሩ ላይ "ታማኝ አገልግሎት" የሚል አዲስ ሰሌዳ ሰቅሏል። አኒፓ ለፖሊስ ያስገባችው አቤቱታ "በመታየት ላይ ነው"። በመታየት ላይ! አንዲት መበለት ልጆቿን የምታበላበትን ጫካ በውሸት ሊወስድ የነበረ ሰው ወንጀሉ አምስት ወር ይታያል፤ የኔ ቢጤ ጎማ ነፊ ግን መንገድ ዳር ጎማ ቢደረድር በማግሥቱ ይቀጣል። ይህን ስል ተስፋ ቆርጬ አይደለም። የሚያይ አለ። ነገር ግን የሚያይ አለ ብሎ የሰው ልጅ ዓይኑን እንዲጨፍን የታዘዘበት ቦታ አላነበብኩም።

ሳቲባልዲ ቃሉን ጠበቀ። ከአሥራ ሦስቱ እስካሁን ሰባቱን ጠያይቆ አግኝቷል። በር ያንኳኳል፣ ቆቡን ያወልቃል፣ "ሞተራችሁን ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ አልሞተም ነበር" ይላል። አንዱ ሻይ አቀረበለት። አንዲት ሴት ፊቱ ላይ በሩን ዘጋች፤ ነገር ግን በማግሥቱ መጥታ የምስክርነት ቃል ላይ እንዲፈርምላት ጠየቀችው፤ ፈረመ። ከነዚያ አንዱ መምህር ነበር፤ መኪናውን በከንቱ ሰጥቶ ሩሲያ ለቀን ሥራ ሄዷል። የሳቲባልዲን ሞስኮ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ለምን ኮምፕሬሰሩን ሳያስነሣ እንደዋለ አይገባውም።

ቡርማካን ሐሙስ ቀን ግቢው ጸጥ ማለቱን አልወደደችውም፤ ከገቢው ግማሹ ነበር። ግን አንድም ቀን አላጉረመረመችም። እንዲያውም የቀለም ቆርቆሮ አምጥታ የብረት በሩ ላይ በነጭ የጻፈችው እሷ ናት፤ "ሞተሩ ሲነፋ ባለቤቱ አጠገቡ ይቁም።"

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አኒፓ ከጫካ ተመለሰች፤ የመኪናው ኮፋኖ ላይ ቅጠል ተለጥፏል፤ የኋላ ወንበሩ ቅርፊት በሞላበት ጆንያ ተጨናንቋል። እያወረድን ሳለ ከሌላ ከተማ የመጣ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ጣውላ ላይ ዕራቁቱን የተቀመጠ ሞተር ጭኗል።

"የማን ነው?" አለ ሳቲባልዲ።

"የማንም አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ነው" አለ ሾፌሩ።

"ከውጭ ያስመጣው ሰው ስም የለውም?"

"ኡስታ፣ አንተ ሥራ ትፈልጋለህ ወይስ ታሪክ?"

ሳቲባልዲ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየው። ሾፌሩ አነበበ፣ ተሳደበ፣ ማርሽ አስገብቶ ሄደ። አኒፓ ጆንያውን መሬት ላይ አስቀምጣ ከኋላው አየችው።

"በዚህ ወር ስንተኛው ነው፣ ኡስታኬ?"

"መቁጠር ትቻለሁ" አለና ወንፊቱን አንሥቶ የመጀመሪያውን እፍኝ ቅርፊት መንፋት ጀመረ። እኔም ጎማዬ ጋ ተመለስኩ። አልሐምዱሊላህ፤ ኮምፕሬሰሩ ከሰዓት በኋላ ጮኸ። ባለቤቱ አጠገቡ የቆመ መኪና መጥቶ ነበር።